ጂጂን «ፈረንጅ የሠራት» ለሚሉን፦ ከአንዲት አድናቂ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። አንዱ ወንድሜ ነው፤ ከሥሩ «አሁንስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጨምሮበታል። እሱ እንኳ ነገር መቆስቆስ ይወዳል። ጽሑፉ ስለ ድምፃዊቷ እጅጋየሁ ሽባባው ነው፤ ሁላችንም ጂጂ የምንላት። ነገሩ ባጭሩ፣ ጂጂ ከሚገባት በላይ ተወድሳለች፣ አድናቂዎቿም የሚያደንቁት ሙዚቃዋን ሳይሆን የራሳቸውን ትዝታ ነው የሚል ነው።

ስድብ የለበትም። ጸሐፊው ሙዚቃ የሚሰሙ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። መልስ ልጽፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው። ተራ ብሽሽቅ ቢሆን ኖሮ አልፌው ነበር።

ሐሳባቸውን እንዳላዛባ መጀመሪያ እንዳለ ላስቀምጠው። ሙዚቃዋ የእኛ አይደለም ይላሉ፤ ቢል ላስዌል የተባለው አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ለፈረንጅ ጆሮ የቀመመው ነው። ግጥሟ ከሕዝብ ዘፈን የተለቃቀመ፣ ቀላልና ቅኔ የሌለው ነው። ድምጿ ከእነ አስቴር አወቀ ጎን የሚቆም አይደለም። ሥራዋ ጥቂት ነው፤ ያገነናት ዝምታዋ ነው። አድናቂ ደግሞ በፍቅር የታወረ ስለሆነ በሚወደው ሰው ላይ መፍረድ አይችልም። የዘጉት በጥያቄ ነው፦ ፕሮዲውሰሩን ከላይዋ ላይ ብናነሳው ምን ይቀራል?

ጥያቄያቸውን ወድጄዋለሁ። እመለስበታለሁ።

ከታወረው አድናቂ ልጀምር። እሱ ካልተነሳ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ዋጋ የለውም። አዎ፣ አድናቂ ነኝ፤ አልደብቅም። ግን የማትወዱትን ዘፈን ስንት ጊዜ ትሰማላችሁ? አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። የምትወዱትን ግን ከመቶ ጊዜ በላይ። መቶ ጊዜ የሰማ ሰው ድምፁ የት ጋ እንደሳሳ፣ ከበሮው የት ጋ እንደበዛ፣ የትኛው ስንኝ ቤት ለመምታት ብቻ እንደገባ ያውቃል። እኔ የጂጂን ድክመት ያወቅሁት ከተቺዎቿ አይደለም። ደጋግሜ ከመስማት ነው። ጥቂቱን እዚሁ እናገራለሁ፤ ታውራለች የሚል ካለ ያኔ ይፍረድ።

አሁን ወደ ሙዚቃው። ጸሐፊው በዋናነት የሚይዙት እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውንና በስሟ የተሰየመውን አልበም ነው። እዚያ ላይ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ተጫውተዋል። ሦስቱም በጃዝ ዓለም ትልቅ ስም ያላቸው ናቸው። ለጸሐፊው ይህ የክሱ ማስረጃ ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ እኛ ዜማ ምን ያውቃሉ ይላሉ።

ምናልባት ብዙም አያውቁ ይሆናል። ግን እስቲ ወደ ኋላ እንሂድ። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አመጡ። አርባ ልጆች የሚባሉት ናቸው። የናስ መሣሪያ ነፊዎች ነበሩ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን። በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ስንቱን የአዲስ አበባ ሙዚቀኛ አሠለጠነ፣ ስንቱን ዜማ አቀናበረ። ክቡር ዘበኛ ከጥላሁን ገሠሠ ኋላ ያሰለፈው ሳክስፎንና ትራምፔት ከገጠር የመጣ ነው እንዴ? ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ይዞ ሲመጣ መሣሪያው የማን ነበር? ዛሬ ግን ያንን ሙዚቃ የእኛ አይደለም የሚል ሰው ቢነሳ ጸሐፊው ራሳቸው ቀድመው የሚቆጡ ይመስለኛል። በእነሱ ጊዜ የእኛ የሆነው ነገር በጂጂ ጊዜ ለምን የሰው ይሆናል? ይህ ክርክር ውኃ አያነሳም።

አንድ ዘፈን የማን እንደሆነ የሚናገረው ዜማው ነው፤ ቅኝቱና ቅላፄው። በዚያ አልበም ላይ ዜማው የሷ ነው። እንግዶቹ ዙሪያውን ነው የሚሄዱት፤ እሷ ደግሞ መንገዷን አትለቅም። ጆሯችሁን ከሳክስፎኑ ላይ አንስታችሁ ድምጿን ብቻ ተከተሉ፤ አገር ቤት ናችሁ። እንዲያውም ከዘፈኖቹ አንዱ «ጉራማይሌ» ይባላል። ጉራማይሌ እናቶቻችን ድዳቸውን ሲነቀሱ ጥቁሩንና ቀዩን የሚያፈራርቁበት ጌጥ ነው። አሁን ቋንቋ ለሚያቀላቅል ሰው መሳደቢያ አድርገነው እንጂ ቃሉ ውበት ነበር። ልጅቷ የምትሠራውን አሳምራ ታውቃለች፤ ስሙንም ራሷ አውጥታለታለች።

ደግሞ ጸሐፊው የዘለሉት አንድ አልበም አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል ስም «ዛዮን ሩትስ» የሚባል ሥራ ወጥቷል። የምትዘፍነው ጂጂ ናት፣ ፕሮዲውሰሩም ያው ላስዌል ነው። እዚያ ላይ ግን የኤሌክትሪክ ጋጋታ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚጎላው የእንጨትና የቆዳ ድምፅ ነው። ሰውየው ሁሉን ነገር የፈረንጅ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ይህን ምን አመጣው?

የምቀበለው ግን አለ። በዚያው በ2003 የ2001ዱ አልበም እንደገና ተቀናብሮ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ተብሎ ወጥቷል። እዚያ ላይ ድምጿ እዚህም እዚያም ብልጭ እያለ የሚጠፋ ቁራጭ ነው። ሦስቴ ሞክሬዋለሁ፤ ሦስቴም ትቼዋለሁ። በ2006 በወጣው «ሰምና ወርቅ» አልበም ውስጥም ምቱ ከዘፋኟ ቀድሞ የሚሮጥባቸው ቦታዎች አሉ። ጸሐፊው ክሳቸውን በእነዚህ ላይ ብቻ ቢያቆሙት ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር። በአንዱ የሚይዘውን ሁሉም ላይ ደፉት እንጂ።

ግጥሙ ላይ ስደርስ ግን ጸሐፊው በጣም ቸኩለዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

መጀመሪያ ትክክል የሆኑበትን ልናገር። ከሕዝብ ዘፈን ትወስዳለች። አይካድም። ግን የሕዝብ ግጥም ባለቤቱ ሁሉም ነው። አዝማሪውም፣ አልቃሿም፣ እረኛውም ወስዶ የራሱን ይጨምርበታል፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው እንዲህ ነው። ደግሞ የእኛን ልማድ እናውቃለን። ድምፃዊ አብዛኛውን ጊዜ ግጥሙን ከገጣሚ፣ ዜማውን ከዜማ ደራሲ ይቀበላል። የድሮ ካሴት ሽፋን ያገላበጠ ሰው ያስታውሳል፦ ግጥም ይልማ ገብረአብ፣ ዜማ አበበ መለሰ፣ ከዚያ ቅንብር። ይህ ነውር አይደለም፤ ስንት ድንቅ ሥራ አይተንበታል። የጂጂ ዘፈኖች ጋ ስንመጣ ግን ግጥምና ዜማ በሚለው ትይዩ በአብዛኛው የምናገኘው የራሷን ስም ነው። ጽሑፉ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አያነሳም። የፈረንጅ ሥራ ናት ለሚል ሰው የማይመች ሐቅ ስለሆነ ይሆን እንዴ ብዬ ተጠራጥሬያለሁ። ምናልባት ግን ረስተውት ይሆናል።

ቅኔ የለውም ለሚለው «ዓባይ»ን ላንሳ። መጀመሪያ ግን በራሴ ላይ ትንሽ ልሳቅ።

ልጅ ሆኜ ዘፈን እየሰማሁ ግጥሙን ደብተር ላይ እገለብጥ ነበር። የሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ለዚህ ነበር የሚያገለግለው፤ ውጤቴም ያንን ይመሰክራል። በዚህ ዘፈን ውስጥ ጂጂ ዓባይን «የበረሃ ሲሳይ» ትለዋለች። እኔ ሲሳይ የሰው ስም መስሎኝ ነበር። ሠፈራችን ውስጥ ሲሳይ የሚባል ልጅ ነበራ! በረሃ ውስጥ የሚኖር አንድ ሲሳይ የሚባል ሰው አለ፣ ጂጂ ትጠራዋለች፤ በቃ፣ ለእኔ ነገሩ ይኸው ነበር። አንድ ቀን አባቴ ደብተሩን ገልጦ ሲያነብ ቆየና «ይሄ ሲሳይ ማነው?» አለኝ። ነገርኩት። ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። ከዚያ «ሲሳይ ማለት እኮ እንጀራ ማለት ነው ልጄ፤ የዕለት ጉርስ» አለኝ።

ያኔ ቃሉ ገባኝ። ነገሩ የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ከዚያው አጠገብ ወንዙን የአገር ጸጋ፣ የአገር ልብስ ትለዋለች። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ለአገሩ ልብስ፣ ለበረሃው ሲሳይ። እኛ እንለብሰዋለን፤ ሌላው ይበላዋል። ለእኛ ጌጥ ነው፣ ለእነሱ ጉርስ። ሙገሳ ነው ብላችሁ ብትሰሙት ሙገሳ ነው፤ ድምጿም ሲያወድስ ነው የሚሰማው። ወቀሳ ነው ብላችሁ ብትሰሙትም ሙሉ ወቀሳ ነው። አንድም ከባድ ቃል የለበትም። ሰምና ወርቅ ማለት ይህ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

ስለ ዓባይ ቀድሞም ብዙ ተብሏል። ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንላለን። እነዚህ ምሬት ናቸው። የጂጂ መንገድ ሌላ ነው። ሙሉ ዘፈኑን በፍቅር ስታሞግሰው ትቆይና መሐል ላይ ጣል ታደርጋለች፦ እኔ ስነካህ እነሱ ተንቀጠቀጡ፣ ሥጋና ደማቸው መሆንህን አላወቅሁም ነበር ትለዋለች። ያቺን «አላወቅሁም ነበር» ልብ በሉልኝ። የየዋህ ሰው ቃል ናት። ሳቋን አፍና ነው የምትናገራት። በአማርኛ እንዲህ ዓይነቱን ነገር የምንለው አንድ ሰው የጋራ ርስት ላይ አጥር ሲሠራና ስንጠይቀው ሲቆጣ ነው፦ «ውይ ይቅርታ፣ የአባትህ መሆኑን አላወቅሁም!» ይህ ዘፈን የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. (በ2011 እ.ኤ.አ.) ነው፤ አሥር ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው። ትንቢት ተናገረች አልልም፤ እንዲህ የሚሉ አድናቂዎች አሉ፣ እኔ ግን ያን ያህል አልሄድም። ጉዳዩ ገብቷት ነበር፤ በሁለት ስንኝም ጨረሰችው።

ሁለተኛው «ዓድዋ» ነው። ስለ ጦርነትና ስለ ጀግና ስንዘፍን የተለመደው መንገዳችን ቀረርቶና ሽለላ ነው። ፎካሪው ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ የገደለውን ይቆጥራል። ሙገሳው ለገዳይ ነው። ጂጂ የየካቲት 23 ቀን 1888ን ድል ልትዘፍን ተነስታ በምን ትጀምራለች? በሰው ልጅ ክብር። ከዚያም «ሰው ሞቷል ሰው ሊያድን» ትላለች። ሙገሳውን ከገዳይ አንስታ ለሟች ሰጠችው። ለዘመናት የኖረ ልማድ በአራት ቃል ዞረ፤ አራቱም ቃላት አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚያውቃቸው ናቸው። ዜማውም አይፎክርም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ቀብር ላይ እንደሚናገር አዋቂ ሰው። ጸሐፊው «ቀላል» ያሉት ይህንን ከሆነ፣ እኔም ቀላል ነው እላለሁ። የሚገርመኝም ያ ነው።

ለፍትሕ ሲባል፣ ሁሉም ግጥሟ እዚህ ደረጃ አይደርስም። ከፍቅር ዘፈኖቿ ውስጥ ማንም ሊጽፈው የሚችለው አለ። ወረቀት ላይ ብታነቡት «ይህን ነው?» የሚያሰኝ። በዜማው ይድናል አንዳንዴ፤ አንዳንዴ ደግሞ አይድንም።

ድምጿን በተመለከተ ብዙ አልልም። አስቴር አወቀ የያዘችው ጉልበትና እንቅጥቃጤ ጂጂ ጋ የለም። ይሄ ሐቅ ነው፤ አስቴር አንድ ቃል ስትይዝ ቤቱ ይሞላል። ግን ማሲንቆን ከዋሽንት ማን አወዳድሮ ያውቃል? ዋሽንት ከዜማው እኩል ትንፋሹ ይሰማል፤ የጂጂ ድምፅ ያ ነው። ስንኙ ሲያልቅ አትጮህም፤ ትለቀዋለች፣ አየሩ ብቻ ይቀራል። ከፍ ያለ ድምፅ የሚወድ ሰው ይህ ላያረካው ይችላል። የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ያገነናት ዝምታዋ ነው የሚለው ላይ ግን ጸሐፊው አንድ እውነት ነክተዋል። እኛ አድናቂዎች እንዲህ እናደርጋለን። ተመለሰች፣ አልተመለሰችም፣ አዲስ ሥራ አላት፣ የላትም እያልን ዓመት በዓመት ወሬ እናሞቃለን። የሄደ ሰው ሁሉ ያምርብናል። ወንድሜ ይህችን አንቀጽ ሲያነብ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ፤ ይበለው።

ይሁን እንጂ ዝምታ ብቻውን ማንንም አያገንም። አንድ ሁለት ካሴት አውጥተው ድምፃቸው የጠፋ ስንት ዘፋኞች ነበሩ? ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ዝምታ ቢያገን ኖሮ እነሱ ሁሉ ንጉሥ ይሆኑ ነበር። ሙሉቀን መለሰ ዓለማዊ ዘፈን ትቶ ወደ መንፈሳዊው ሲሄድ ሕዝቡ የጠበቀው ለምን ነበር? ከመሄዱ በፊት የሠራው ስላለ ነው። ሰው የሚጠብቀው የቀመሰውን ነው። ያልቀመሰውን ማን ይናፍቃል?

ትዝታችሁን ነው የምታደንቁት ለሚለውም አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ዓባይን አልተሻገርኩም ነበር ያኔ፤ ዘፈኑን ስሰማ የሚታወሰኝ ወንዝ አልነበረኝም። የነበረኝ ሲሳይ የሚባል የሠፈር ልጅ ብቻ ነው። ትዝታ ሳይኖረኝ ነው የወደድኩት።

ወደ ጥያቄያቸው ልመለስ። ፕሮዲውሰሩን ከላይዋ ላይ ብናነሳው ምን ይቀራል?

ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት የዓድዋ በዓል ሲከበር ሄጄ ነበር። ልጆቹ ነጭ ለብሰው፣ ከካርቶን የተሠራ ጋሻ ይዘው ተሰልፈዋል። አንድ መምህር ኪቦርድ ይዘዋል፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጮኻል። ፎካሪዎቹ ፎከሩ፣ አጨበጨብን። ቀጥሎ «ዓድዋ»ን ሊዘፍኑ ሲሉ መብራት ሄደ። ኪቦርዱ ዝም፣ ማጉያው ዝም። መምህሩ እጃቸውን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረጉ ወደ ልጆቹ አዩ። ከፊት የቆመች አንዲት ቀጭን ልጅ ምንም ሳትጠብቅ ጀመረችው። ሌሎቹ ተከተሏት። ቅንብር የለ፣ ሳክስፎን የለ፣ ማይክራፎን እንኳ የለ። ግማሾቹ ቅኝቱን ስተውታል። ቅድም ሲያወራ የነበረው ወላጅ ሁሉ ግን ዝም አለ፤ የካርቶን ጋሻዎቹም አንድ በአንድ ወደ መሬት ወረዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ የእህቴ ልጅ እጄን ይዛ ስታስብ ቆየች። በዘፈኑ ውስጥ «ሰው ተከፍሎበታል» የሚል ቦታ አለ። ማን እንዳቀናበረው አልጠየቀችኝም።

«አክስቴ፣ ሰው እንዴት ይከፈላል? ብር ነው እንዴ?» አለችኝ።

እስካሁን የሚያጠግባት መልስ አልሰጠኋትም።